የአባቴ ሌንስና ያሁን ዘመን ሌንስ

ሽማግሌ የድሮውን ሲያመሰግን፣ ወጣት ያሁኑን ሲያደንቅ መስማት በማንኛውም ቤት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም፤ ማንንም አይጠቅምም፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይነሣል፣ ቡናው ሲቀዳም ይረሳል። በእኛ ቤት የተነሣው ክርክር ግን በሁለት ነገር ከሌላው ይለያል። አንደኛ፣ የድሮውን የሚያመሰግነው ወጣቱ፣ ያሁኑን ደግፌ የምከራከረው ደግሞ ፀጉሬ የሸበተው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ፣ ነገሩ በጨዋታ ጀምሮ በቁም ነገር ስለ ተፈጸመ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላም አልተረሳም። የክርክሩ መነሻ መሬት ወይም ገንዘብ ሳይሆን፣ ክብደቱ ሩብ ኪሎ የማይሞላ አንድ የካሜራ ሌንስ ነው።

ሌንሱ የአባቴ ነበር። አባቴ በአቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ሲሠራ ኖሮ በጡረታ የተሰናበተ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ከዚህ ዓለም የተለየ ሰው ነው። በ1972 ዓ.ም. ትምህርቱን በሞስኮ ጨርሶ ከተመለሰ ወዳጁ ላይ ዜኒት የተባለውን የሶቪየት ካሜራ በሁለት ጊዜ ክፍያ ገዛ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እሑድ እሑድ ካሜራውን ባንገቱ አንጠልጥሎ መውጣት ልማዱ ሆነ። የጎረቤት ክርስትና፣ የሥራ ባልደረባ ሠርግ፣ ሻንጣቸውን አስቀምጠው ባቡር የሚጠብቁ መንገደኞች፣ በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ሁሉም በዚያ ካሜራ ፊት አልፈዋል። ፊልሙን ለማሳጠብ መሀል ከተማ ድረስ ይሄድ ነበር፤ ደመወዝ እስኪደርስ በመሳቢያ የሚከርም ፊልም እንደ ነበረም አስታውሳለሁ። ካሜራው በኋላ ዘመን መዝጊያው ተበላሽቶ የሚጠግነው ጠፋ። ሌንሱን ግን እናቴ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ከሣጥኗ ውስጥ አኖረችው። ስሙም ሄሊዮስ 44-2 ይባላል፤ ሄሊዮስ በግሪክ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው።

ይህን ሌንስ ከተኛበት የቀሰቀሰው የእኅቴ ልጅ ነው። በሠርግና በምርቃት በዓል ፎቶግራፍ እያነሣ የሚተዳደር፣ ሥራውን የሚወድና የሚጠነቀቅ ወጣት ነው። በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ አሮጌ ሌንሶች እንደ ብርቅ እንደሚፈለጉ፣ ከባሕር ማዶ እያስመጡ በዘመናዊ ካሜራ ላይ እንደሚገጥሟቸው ካጫወተኝ በኋላ፣ የአያቱን ሌንስ በእጁ ሲይዝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ ያሁን ሌንስ ሁሉን ነገር ያሳያል፤ ነፍስ ግን የለውም። ይኼኛው ነፍስ አለው» አለኝ። እኔ ለብዙ ዓመታት የፊዚክስ ትምህርት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ብርጭቆ ነፍስ አለው ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። «ልጄ፣ ያለው ነፍስ ሳይሆን ጉድለት ነው። ጉድለቱም ስምና ምክንያት አለው» ብዬ መለስኩለት። ክርክሩ እንግዲህ ከዚህ ተጀመረ።

ወደ ፈተናው ከማለፌ በፊት፣ ሌንስ እንዴት ካለበት እንደ ደረሰ ባጭሩ ብናገር ለአንባቢ የሚጠቅም ይመስለኛል። ፎቶግራፍ በአውሮፓ እንደ ተጀመረ ሌንሱ ደካማ ስለ ነበረ፣ ፊቱን የሚያስነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ደቂቃ መቀመጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1840 በቪየና የሒሳብ መምህር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል ብርሃንን በብዛት የሚያስገባ የመጀመሪያውን የፊት ማንሻ ሌንስ በሒሳብ ቀምሮ አወጣ። ስሌቱን ለመፈጸም በሒሳብ የሠለጠኑ የመድፈኛ ወታደሮች ተመድበው እንደ ረዱት ይነገራል። የርሱ ሌንስ መካከሉ ጥሩ ሆኖ ዳር ዳሩ ግን የደበዘዘና የተሽከረከረ ነበር። ከዚያም በጀርመን አገር በካርል ዛይስ ድርጅት ፓውል ሩዶልፍ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 ፕላናርን፣ በ1902 ቴሳርን ሠራ። የዚያው ድርጅት ቢዮታር የተባለው ሌንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ተመስሎ ሲሠራ ሄሊዮስ ተባለ። ስለዚህ አባቴ ባንገቱ አንጠልጥሎት ይዞር የነበረው ዕቃ፣ ዘሩ ከጀርመን፣ ልደቱ ከሶቪየት፣ ዕድሜው የተፈጸመው ግን በአቃቂ ነው።

በአገራችንም የፎቶግራፍ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቻቸው ለሃይጋዝና ለቶኒ አውርሰዋል። ከእነርሱም በኋላ እንደ ሽመልስ ደስታ ያሉ ኢትዮጵያውያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በዚሁ ሥራ አገልግለዋል። በየሰዉ ሣጥን የሚገኘውም የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ እንደ ቀላል የሚታይ ቅርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የታተመው መጽሐፍ የከተማይቱን ነዋሪዎች የድሮ ፎቶግራፎች ሰብስቦ ሲያቀርብ፣ ብዙ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ዘመን ውበት እንደ አዲስ ያዩ ያህል ተደነቁ። የእኅቴም ልጅ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው።

የሆነ ሆኖ ያን ውበት የፈጠረው ሌንሱ ነው ወይስ ፊልሙ? ወይስ የወረቀቱ ማርጀት? ወይስ የሞቱ ሰዎች ትዝታ? ይህን ለይቶ ሳያውቁ ምስጋናውን ሁሉ ለሌንሱ መስጠት የችኮላ ፍርድ ነው። ስለዚህ እንደ መምህር አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ይኸውም ካሜራው አንድ ሆኖ፣ ሰዓቱ፣ ርቀቱና የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ሳይለወጥ፣ ሌንሱ ብቻ እየተቀያየረ ፎቶግራፍ እንድናነሣ ነው። የእኅቴ ልጅ የአባቴን ሌንስ ባለ 42 ሚሊሜትር ጥርስ ከዘመናዊው ካሜራ ጋር የምታገጣጥም ቀለበት ገዛ። የርሱ ዘመናዊ ሌንስ ባለ 50 ሚሊሜትር፣ የአባቴ ደግሞ ባለ 58 ሚሊሜትር ስለሆነ ፈጽሞ እኩል ባይሆኑም ለመመዛዘን በቂ ነበሩ። በአንድ እሑድ ጠዋት ልጁ ቀላል ባቡር ተሳፍሮ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያም በታክሲ እስከ ቤታችን መጣ፤ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ እኔ ተሸክሜ ወጣን።

መጀመሪያ የሄድነው የቀድሞው ባቡር ያልፍበት ወደ ነበረው ስፍራ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ በአቃቂ በኩል ያልፍ ስለ ነበር፣ የአባቴ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የተነሡት በዚያ አካባቢ ነው። ባቡሩ በዚያ ማለፉን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። አንድ የድንጋይ አጥር መርጠን በሁለቱም ሌንስ አነሣነው። ዘመናዊው ሌንስ ከመካከል እስከ ጥግ ድረስ ድንጋዩን ከነሻካራነቱ፣ በስንጥቁ ውስጥ የበቀለውን ሣር ሳይቀር አንድ በአንድ ቈጥሮ አስረከበን። የአባቴ ሌንስ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሳለ፣ መካከሉን ደኅና አድርጎ ያዘና ጥጎቹን ለቀቃቸው። ቀዳዳውን እያጠበብን ስንሄድ ግን ጥጎቹ ተሻሻሉ፤ ወደ ቁጥር 8 ስንደርስ ሁለቱን ለመለየት ፎቶግራፉን አጉልቶ ማየት አስፈለገ። ከዚህ የተማርነው የመጀመሪያው ነገር፣ «የድሮ ሌንስ ጠባይ» የሚባለው አብዛኛው ቀዳዳው በሰፊው ሲከፈት የሚታይ መሆኑን ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሌንስ ጠርዝ በኩል የሚገባው ጨረርና በመካከሉ የሚገባው ጨረር ሁለቱም በአንድ የትኩረት ነጥብ ላይ መገናኘት ይገባቸዋል። የሉል ቅርጽ ይዞ በተሞረደ ብርጭቆ ግን ፈጽመው አይገናኙም፤ ጥቂቱ ቀድሞ፣ ጥቂቱ ዘግይቶ ያርፋል። ከዚህም የተነሣ በጠራው ምስል ላይ ስስ የብርሃን መጋረጃ ይደረባል። ይህ መጋረጃ ነው የፊትን ሽብሽብ የሚያለዝበው፤ በነጠላ ዳርቻም ነጭ ጸዳል የሚያወጣው። ያሁን ዘመን ሌንስ ግን በኮምፒዩተር ተሰልቶ፣ ከሉል ቅርጽ ወጣ ብሎ በተሞረደ ብርጭቆ፣ አንዳንድ ጊዜም ከ10 በላይ ክፍሎች ተደራርበው ስለሚሠራ፣ ጨረሮቹ በሚገባ ይገናኛሉ። የተረፈውን ስሕተት ደግሞ ካሜራው ራሱ በስሌት ያርመዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ነጸብራቅ ነው። ያልተቀባ ብርጭቆ በአየር በኩል ባለው በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ካረፈው ብርሃን በመቶ 4 ያህሉን ይመልሳል። የአባቴ ሌንስ 6 ብርጭቆዎች በ4 ክፍል የተዘጋጁበት፣ 8 እንዲህ ያሉ ገጾች ያሉት ነው። ምንም ባይቀባ ኖሮ ከብርሃኑ ከሩብ በላይ በመንገድ በቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በዛይስ ድርጅት የብርጭቆን ገጽ በስስ ልባስ መቀባትን ስለ ፈለሰፈ፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሌንሶች ነጸብራቃቸው እያነሰ ሄደ። የአባቴ ሌንስ ልባሱ አንድ ድርብ ብቻ ሲሆን፣ ያሁኖቹ ብዙ ድርብ ስላላቸው በአንድ ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። በሌንስ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ብርሃን በጥላው ላይ ይፈስና ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ወጣቶቹ «ለስላሳ» የሚሉት ይህንን ነው። ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት የጃፓን ሌንሶች አንዳንዶቹ ቶሪየም የተቀላቀለበት ብርጭቆ ስላላቸው እያደር ቢጫ ይሆናሉ። ሰዎች ያን ቢጫነት «የድሮ ሙቀት» እያሉ ሲያደንቁት፣ ለጥቂት ሳምንት ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ብዙው ይለቃል።

ከሐዲዱ ስፍራ ቀጥለን ወደ አቃቂ ወንዝ ወረድን። ከአባቴ ፎቶግራፎች እጅግ የምወደው በ1976 ዓ.ም. በዚያ ወንዝ ዳር የተነሣውን ነው። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ውሃው ያብለጨልጫል፣ በስተኋላ ያሉት የባሕር ዛፍ ቅጠሎች በክብ እየዞሩ እንደሚጨፍሩ ያህል ሆነው ይታያሉ። ይህ የቅጠል ዙሪት የሄሊዮስ ሌንስ የታወቀ ምልክቱ ነው። ከዳር የሚመጣውን ብርሃን የሌንሱ ቀፎ ከፊል ስለሚቈርጠው፣ ክብ መሆን የሚገባው የብርሃን ነጠብጣብ የለውዝ ፍሬ ይመስላል፤ ለውዞቹም መካከሉን ከበው ይሰለፋሉ።

ወንዙ ዛሬ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርድ ነው። በዘመናዊው ሌንስ ስናነሣው አረፋው፣ በቅርንጫፍ የተሰቀለው ፌስታል፣ የውሃው ጥቁረት ምንም ሳይቀር ታየ። በአባቴ ሌንስ ያንኑ ስፍራ ስናነሣ ግን ፌስታሉ የብርሃን ለውዝ ሆነ፤ አረፋውም አብለጨለጨ፤ ወንዙም ያማረ መሰለ። የእኅቴ ልጅ ፎቶግራፉን አይቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ በልጅነቴ የነበረውን ወንዝ ንጹሕነት የማስታውሰው በዓይኔ ካየሁት ይሁን ወይስ ከአባቴ ፎቶግራፍ፣ ለራሴ መመስከር አልቻልኩምና። ድሮ ወንዙ ቈሻሻ ነበር ማለቴ አይደለም። ፎቶግራፉ ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል መገንዘቤን መናገሬ ነው።

ከቀኑ አራት ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ተመልሰን እናቴን በግቢያችን ካለው የኮክ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ ከበስተኋላዋ ሆና አስቀመጥናት። ጥበብ ነጠላዋን ለብሳ፣ እጆቿን በጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ በሁለቱም ሌንስ ቀዳዳው በቁጥር 2 ተከፍቶ አነሣናት። ማታ ሁለቱን ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን ስናያቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ ስከራከርለት የዋልኩትን አዲሱን ሌንስ ከዳሁት። በአባቴ ሌንስ የተነሣው ፎቶግራፍ ላይ የነጠላዋ ዳርቻ በጸዳል ተከቧል፤ የኮኩ ቅጠሎች በዙሪያዋ ይዞራሉ፤ ፊቷም አባቴ በወጣትነቷ ያነሣትን ሴት ይመስላል። በአዲሱ ሌንስ የተነሣው ግን የቆዳዋን መስመር ሁሉ፣ የጥበቡን ክር ሁሉ፣ የከንፈሯን መድረቅ ሁሉ ያሳያል። «በግድግዳው የሚሰቀለው የአባቴ ነው» ብዬ ፈረድኩ። የእኅቴ ልጅም አሸናፊነቱን በፈገግታ ተቀበለ።

ነገር ግን ልጁ ጠንቃቃ ስለሆነ፣ ሁለተኛውንም ሳያስተካክል መተው አልወደደም። የእናቴን ፊት አጉልቶ የቆዳዋን ነጠብጣብ ሲያጸዳ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ የቅጠል ነጸብራቅ ነው መሰለኝ፤ ላጥፋው?» አለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ጥቁር መሆን የሚገባው የዓይኗ ብሌን ወተት የተንጠባጠበበት ያህል ነጥቷል። ነጸብራቅ እንዳይባል በብሌኑ ልክ ክብ ነው፤ የነጸብራቁም ነጥብ ለብቻው ከጎኑ ይታያል። «ቆይ፣ እንዳትነካው!» አልኩት። በአባቴ ሌንስ የተነሣውን ከፍተን ያንኑ ዓይን ብንፈልግ፣ ሁሉም በአንድ የብርሃን መጋረጃ ሥር ስለ ተሸፈነ፣ የሚያምር የዓይን ብልጭታ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም ነበር።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ትዝ አለኝ። እናቴ ከዓመት ወዲህ ጥጥ መፍተል ትታለች፤ «ጣቴን ያመኛል» ስትል አምነናት ነበር። ቡና ስትቀዳ ከሲኒው ውጭ ታፈስሳለች፤ «እጄ ተንቀጠቀጠ» ትለናለች። ማታ መብራት ሲበራ ፊቷን ታዞራለች፤ «ጨረሩ ይወጋኛል» ትላለች። እኔ የብርሃንን ትምህርት የማስተምር ሰው፣ በአንድ ጣራ ሥር እየኖርኩ፣ የእናቴን ዓይን አላየሁም ነበር። በማግስቱ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ፣ «እማዬ፣ በግራ ዓይንሽ ታያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ልጄ፣ ጭጋግ ነው የማየው። እርጅና ነው ብዬ ነው። እናንተን ለምን ላስቸግር?» አለችኝ።

ሐኪሙ መርምሮ የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን፣ በቀኝ ዓይኗም መጀመሩን ነገረን። የሰው ዓይን በውስጡ የራሱ ሌንስ አለው። በወጣትነት እንደ ጠራ ውሃ የሆነው ይህ ሌንስ፣ ዕድሜ ሲገፋ ቢጫ እየሆነ፣ በኋላም እየደፈረሰ ይሄዳል። የገባውን ብርሃን በቀጥታ ከማሳለፍ ይልቅ ይበትነዋል፤ በመብራት ዙሪያ ጸዳል ያሳያል፤ ጥቁሩን ግራጫ፣ ነጩን ቢጫ ያደርጋል። ሕክምናው የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ በቦታው ማኖር ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያ የፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን ከተማ ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳን፣ እኔና የእኅቴ ልጅ ሳንነጋገር ተያየን። ጸዳል፣ ቢጫነት፣ የላላ ጥላ፣ ለአባቴ ሌንስ ስንሰጠው የከረምነው ምስጋና ሁሉ አንድ በአንድ ለእናቴ በሽታ ምልክት ሆኖ ተቈጠረ።

ስለ ሁለቱ ሌንሶች ልናገር የምፈልገው ዋናው ነገር ከዚህ ላይ ነው። እናቴ ለዓመታት ዓለምን ያየችው በአሮጌ ሌንስ ነው። ነገር ግን «ነፍስ አለው» ስትል አልሰማናትም። እኛ በፎቶግራፍ ላይ ውበት ያልነው ጭጋግ፣ ለእርሷ የሲኒውን አፍ የሚያሳጣ፣ እንዝርቱን ከእጇ ያስጣለ ነበር። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እኛ ስንወድ ሌንሱን ፈትተን ሌላ መግጠም እንችላለን፤ እርሷ ግን አትችልም ነበር። ጉድለት ጌጥ የሚሆነው መርጦ ለሚይዘው ሰው ነው፤ መምረጥ ለማይችለው ጉድለትነቱ አይለቅም።

ግራ ዓይኗ በቀዶ ሕክምና ከዳነ በኋላ፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የነርሷን ነጭ ልብስ ነው፤ «ይህን ያህል ነጭ ነገር መኖሩን ረስቼው ነበር» አለች። ቤት ስትመለስ የነጠላዋን ጥበብ አንሥታ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ግራጫ ይመስላት የነበረው ክር ሰማያዊ መሆኑን አየች። መስተዋት አምጡልኝ ብላ ፊቷንም ተመለከተችና፣ «ለካ እንዲህ አርጅቻለሁ! እናንተስ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ ሳቀች። ሁላችንም አብረን ሳቅን፤ እኔ ግን ከሳቄ በታች ኀፍረት ነበረብኝ።

ጥቂት ቀን ቆይተን ሁለቱንም ፎቶግራፎች በወረቀት አሳትመን ፊቷ ዘረጋንላት። የትኛውን እንደምትመርጥ አስቀድሜ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ የባሏ ሌንስ ነውና፣ በዚያም ላይ ወጣት አድርጎ ያሳያታልና። የአባቴን ሌንስ ፎቶግራፍ አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በእጇም ዳሰሰችው። ከዚያ በኋላ ለእኔ መለሰችልኝና፣ «ይኼ አባትህ ያያት ሴት ናት፤ እርሷ በሣጥኔ ሞልታለች። ግድግዳው ላይ እኔን ስቀሉልኝ» አለች። ጠራ ያለውን፣ ሽብሽብ የሞላበትን፣ ግራ ዓይኑ የነጣበትን ፎቶግራፍ መረጠች። የእኅቴ ልጅ ነጩን ነጥብ አጥፍቶ እንዲያሳትመው ቢጠይቃት፣ «ተወው፤ ባይታይ ኖሮ ዛሬም አላይም ነበር» ብላ ከለከለችው።

ከዚህ በኋላ በቤታችን ክርክሩ ቆሟል፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አይታወቅም። የእኅቴ ልጅ የአባቴን ሌንስ ይዞ ሄዷል፤ እናቱ ለሞተችበት፣ ልጁ ለተወለደችለት፣ ትዝታውን ለስለስ አድርጎ ማኖር ለሚፈልግ ሰው በእርሱ ያነሣል። በዚያ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ለትዝታ የተሠራ ነገር የትዝታን ጠባይ ቢይዝ ነውር የለውም። እኔም በበኩሌ በክፍል ውስጥ ስለ ሌንስ ሳስተምር፣ ከስሌቱ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። «ይህን የምታዩት ለማስታወስ ነው ወይስ ለማወቅ?» እላቸዋለሁ። ለማስታወስ ለሆነ የሚለሰልሰው ሌንስ ወዳጅ ነው። ለማወቅ ለሆነ ግን፣ የወንዝ ውሃ ቢሆን፣ የሰው ዓይን ቢሆን፣ ለአለቃ የሚቀርብ የሥራ መግለጫም ቢሆን፣ የሚያለሰልስ ሌንስ ምንም ቢያምር ጉዳቱ ያመዝናል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የያዙት ሌንስ የትኛው መሆኑን ሳያውቁ ማየት ነው።

የእናቴ ቀኝ ዓይን በቀጠሮ ላይ ነው። እስከዚያው ድረስ ጥጥ መፍተሏን እንደ ገና ጀምራለች። ማታ ማታ ከፎቶግራፏ ሥር ተቀምጣ እንዝርቱን ስታሾር፣ ክሩ ከድሮው ይልቅ ቀጥኖ እንደሚወጣ ራሷ ትነግረኛለች። እኔም ቃሏን ብቻ ሰምቼ አላልፍም፤ ክሩን ተቀብዬ ወደ ብርሃኑ አቅርቤ አየዋለሁ።